ጥርሱ ያላለቀ ጎማ

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሰዎች ግን አሁንም መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። አንዱ ባጃጁን ዳር ያስይዝና «አባቴ፣ እስቲ ይቺን ጎማ እዩልኝ፤ ስንት ጊዜ ትቆይልኛለች?» ይለኛል። ጎንበስ ስል ወገቤን ያመኛል። ቢሆንም እጎነበሳለሁ። አውራ ጣቴን የጎማው ጎን ላይ አድርጌ ጫን እለዋለሁ፤ ስንጥቁ ሲከፈት አያለሁ። «ቀይራት» ካልኩ ቀይራት ነው፤ ወዲያ ወዲህ አልልም። ሰውየው ፊቱ ይጠቁራል፣ አንዳንዱም ሳያመሰግነኝ ይሄዳል። እንዲህ ቁርጥ አድርጌ መናገር የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ከደረሰ አንድ አደጋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ማስቀየም የማልወድ ለስላሳ ሰው ነበርኩ።

ያን ጊዜ አሰላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ጎሚስታ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም። ሙያውን የተማርኩት ናዝሬት ቢሆንም ትውልዴ እዚያው አሰላ ነው፤ ቤታችን ከጋራዡ በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። መሥሪያ ቤቱ ገበሬውን የሚያገለግል ነበር፤ ዘር ያድላል፣ ከብት ያክማል፣ ስብሰባ ይጠራል። ግቢው ውስጥ ሰባት መኪና ነበረ። ከሰባቱ የሚንቀሳቀሱት ሦስቱ ወይም አራቱ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ዕቃ ጎድሏቸው፣ ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል።

አዲስ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም። ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ይጻፋል፤ ከወራት በኋላ ጥያቄው እንደደረሳቸው የሚገልጽ መልስ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል። ስለዚህ የእኔ ሥራ ጎማ መቀየር ሳይሆን ጎማ ማቆየት ነበር። የፈነዳውን እለጥፋለሁ፣ የተቀደደውን ከውስጥ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ እደግፋለሁ፣ የኋላውን ወደ ፊት፣ የፊቱን ወደ ኋላ አዞራለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ እጄ የላስቲክ ሽታ ነበረው፤ በሳሙና ባሸውም አይለቅም።

ሰው ጎማ ሲያይ ጥርሱን ነው የሚያየው። ጥርሱ ካለ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። በበረሃ መንገድ ቀን ከሌት ለሚሮጥ መኪና ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የእኛ መኪኖች ግን ብዙ አይሮጡም ነበር። ቤንዚኑ በኩፖን ነው፤ ሲያልቅ መኪናው ሁለት ሳምንትም ወርም ይቆማል። አሰላ ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ውርጩ ያደርቃል፣ እኩለ ቀን ፀሐዩ ይፋጃል። ጎማው አንድ ቦታ ቆሞ፣ መኪናውን ተሸክሞ፣ እየደረቀ ይከርማል። መጀመሪያ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። ይህ ብዙ አያስፈራም። ቀጥሎ ስንጥቁ ጥፍር የሚያስገባ ይሆናል፤ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥም ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አውራ ጣት ጫን ሲል ከስንጥቁ ሥር ክሩ መታየት ይጀምራል። ክሩ የታየ ጎማ ጥርሱ ምንም ያህል ቢሆን አልቆለታል። ይህን ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ከሾፌሮቹ ሁሉ የማከብራቸው አንድ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። መንዳት የተማሩት ከአንድ የጣሊያን ጋራዥ ሲሆን፣ ለከብት ሕክምና የተመደበችውን አሮጌ ላንድሮቨር ሌላ ሰው እንዲነካባቸው አይፈልጉም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ናቸው። ጠዋት ከማንም በፊት ይመጡና በመኪናዋ ዙሪያ አንድ ጊዜ ይዞራሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል። እኔም ጋሼ እላቸው ነበር።

የእሳቸው ላንድሮቨር አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። ጎናቸው ግን በስንጥቅ ተሸፍኗል። ሁለቱ ላይ ክሩን አይቻለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ሪፖርት ጻፍኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን አራት አዲስ ጎማ መጣ። ወረቀቱ እንኳ አልተላጠለትም። ጋራዡ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ወጥተን ዳሰስነው።

ችግሩ ልኩ ለሁለት መኪና የሚገጥም መሆኑ ነው። አንዱ የጋሼ ላንድሮቨር፣ ሌላው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሚሄድበት ተመሳሳይ ላንድሮቨር። የኃላፊው መኪና ጎማ ጥርሱ አልቋል፤ መኪናው ዘወትር በአስፋልቱ ናዝሬትና አዲስ አበባ ይመላለሳል። የጎማው ጎን ግን ገና ለስላሳ ነው። በቀስታ ከተነዳ ብዙ ወራት ይሄዳል። የትኛው እንደሚቀየር የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ። ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር ኮሚቴ ይቋቋም ነበር። ሊቀ መንበሩ የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊው ጓድ፣ ጸሐፊው የአስተዳደር ሹሙ፣ የሙያ አባሉ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

የተሰበሰብነው ከሰዓት በኋላ ነው። ለእኔ በዚያን ቀን ሦስተኛው ስብሰባ ነበር፤ ጠዋት የቀበሌ፣ ከምሳ በፊት የውይይት ክበብ፣ አሁን ደግሞ ይኼ። ሊቀ መንበሩም ዓይኑ ቀልቷል። ቀድሞ አስተማሪ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የታተመ ቅጽ ከፊቱ ዘርግቶ በእርሳስ እያመለከተ ጠየቀኝ።

«የኃላፊው መኪና፣ የጎማው ጥርስ?»

«አልቋል።»

«የከብት ሕክምናው?»

«ጥርሱ አለ። ነገር ግን ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ደርቋል። መቀየር ያለበት እሱ ነው።»

ቅጹን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ስንጥቅ የሚል ቦታ የለውም።»

«ቅጹ ላይ የለም።»

«ታዲያ ምን ብለን እንሙላው? ነገ ቁጥጥር መጥቶ ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ለምን ጣላችሁ ቢለን ምን እንመልሳለን? የሕዝብ ንብረት ነው።»

የአስተዳደር ሹሙ አዛጋ። «ይኼማ ግልጽ ነው» አለ፤ «ቃለ ጉባኤውን ልጻፈው?»

መናገር የምችለው ነገር ነበረኝ። ተነስቼ ኑ ግቢ ውስጥ ላሳያችሁ ማለት እችል ነበር፤ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ክሩን በጣታቸው ላስነካቸው እችል ነበር። አልተነሳሁም። ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ ያ ዘመን ብዙ የሚያስፈራ ነገር ስለነበረው ሰው ይረዳኛል። እውነቱ ግን ደክሞኝ ነበር። ርቦኝ ነበር። ሌላ ግማሽ ሰዓት መከራከር ታየኝና ሰውነቴ እምቢ አለ። ቃለ ጉባኤው ተነበበ። «የከብት ሕክምና ተሽከርካሪ ጎማዎች ጥርሳቸው ያላለቀ በመሆኑ ለአገልግሎት ብቁ ናቸው» ይላል። ፈረምኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ከበቆጂ በኩል መልእክት መጣ። የአንድ ገበሬ ማኅበር ከብቶች በአባ ሰንጋ እየወደቁ ነው፤ ክትባት በአስቸኳይ ይፈለጋል። የከብት ሐኪም ረዳቷ ወዲያው በረዶ የሞላ ሳጥን አዘጋጀች። ከጎንደር ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች፤ ገና አንድ ዓመቷ ስለሆነ ብርዱን አልለመደችውም፤ ሁለት ሹራብ ደርባ ነበር የምትውለው።

ጋሼ ወደ እኔ መጡ። ስለ ኮሚቴው ውሳኔ ሰምተዋል፤ አንድም ቃል አላነሱም። መኪናዋ አጠገብ ቆሙና ጎማውን በእግራቸው ሳይሆን በእጃቸው ነካ አደረጉ።

«አንተ ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። «በእነዚህ ጎማዎች በቆጂ ልሂድ?»

መልሱ አይሂዱ የሚል ነበር። አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ትናንት ፈርሜያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አይሂዱ ብል ፊርማዬ ምን ሊሆን ነው? ከብቶቹም እየሞቱ ነው፤ ልጅቷም ሳጥኗን አቅፋ ቆማለች። ስለዚህ መልስ በመስጠት ፈንታ ምክር ሰጠኋቸው።

«ቀስ ብለው ይንዱ፣ ጋሼ። ሸክም አያብዙ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በኃይል አይርገጡ። የጎማውን ድምፅ ይስሙ፤ ድምፁ ከተቀየረ ወዲያው ይቁሙ።»

«እሺ» አሉ።

አራቱንም ጎማ ፈታሁና እንደገና አየኋቸው። ከመካከላቸው የተሻለ የመሰለኝን አንዱን ከኋላ አውጥቼ በሾፌሩ በኩል ወደ ፊት አዞርኩት። መሪ የሚይዘው የፊት ጎማ ስለሆነ እዚያ ደህናው ይሁን ብዬ ነው። አየሩን ለካሁ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ሁሉም ሲያልቅ ግን ልቤ አላረፈም፤ ክሪክና የመለጠፊያ ዕቃዬን ይዤ ከኋላ ገባሁ።

«አንተ ወዴት ነህ?» አሉኝ ጋሼ።

«አብሬዎት እመጣለሁ።»

ትንሽ ፈገግ አሉ መሰለኝ። ጉዞ ጀመርን።

መንገዱ ያን ጊዜ ኮረት ነበር። ዝናብ አልፎበት ጎድጉዷል። በግራ የጭላሎ ራስ በደመና ተሸፍኖ ነበር፤ ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ ነው። ጋሼ ፈረስ ከሚጋልብ ሰው ሳይፈጥኑ ይነዱ ነበር። ልጅቷ ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«በዚህ አካሄድ በረዶው ይቀልጣል፣ ጋሼ» አለች።

«ይቀልጥ እንጂ እኛ እንድረስ» አሉ።

ያን የመሰለ ብርድ እያለ የእሳቸውን በኩል መስኮት እስከ መጨረሻው ከፍተው ነበር። ልጅቷ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባ «መስኮቱን ቢዘጉት ምናለበት?» ስትል «ድምፁን ልስማ ብዬ ነው» አሏት። ግራ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ውጭ ዘንበል አድርገዋል። ድምፁን ይስሙ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ሳጉሬ ስንደርስ ቀኑ የገበያ ነበር። ከተማውን እንደ ምንም አልፈን ከወጣን በኋላ መንገዱ ወደ አንድ ድልድይ ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ገበያ የሚመጡ ሰዎች በመንገዱ ግራ ዳር በሰልፍ ይወጣሉ፤ እህል የተጫኑ አህዮች፣ ሴቶች፣ ልጅ ያዘለች እናት።

ጥይት የተተኮሰ መስሎኝ ነበር። መኪናዋ በአንድ ጊዜ በግራ ጎኗ ተንበረከከችና ወደ ግራ፣ ወደ ሰዎቹ ሄደች። ጋሼ አልጮሁም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ ሲያደርጉ፣ ትከሻቸው ሲወጠር፣ በሙሉ ሰውነታቸው ወደ ቀኝ ሲስቡት ከኋላ አየሁ። ሴቶቹ ሲበተኑ፣ አንዲት አህያ ስትደነግጥ አይቻለሁ። መኪናዋ ሰዎቹን ለጥቂት ስታ መንገዱን አቋረጠችና በቀኝ በኩል ካለው ቦይ ገባች። ከቦዩ ዘልላ ገብሱ ውስጥ ስትገባ ሚዛኗን አጣች፤ በግራ ጎኗ ቀስ ብላ ተኛች። በጣም ቀስ ያለች መሰለኝ። የጋሼ ግራ እጅ ከመሪው ተነጥቆ በተከፈተው መስኮት ወጥቶ ነበርና ከበሩ ሥር ቀረ።

ከዚያ ጸጥ አለ። የማስታውሰው የገብሱን ሽታና ከሞተሩ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው።

ገበሬዎቹ ሮጠው መጡ። ቅድም ልንጨፈልቃቸው የነበሩት ሰዎች ናቸው። በላይኛው በር እኔንና ልጅቷን አወጡን። ልጅቷ ግንባሯ ደምቷል፤ እኔ ከትከሻዬ መጋጋጥ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጋሼ እጃቸው ስለተያዘ መውጣት አልቻሉም። ሰዎቹ ነጠላና ጋቢያቸውን ጥለው ተደረደሩ። ጋሼን «ጀባዹ፣ ጀባዹ!» ይሏቸዋል፤ በኦሮምኛ በርቱ ማለታቸው ነው። አንድ ሽማግሌ እየጮኸ ሲያስተባብራቸው መኪናዋን እንደ ቤት ጣራ አንስተው አቀኗት።

የጋሼን እጅ ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ልጅቷ አላዞረችም። ከላይ የደረበችውን ሹራብ አውልቃ ጠቀለለችው፤ ከዕቃ ሳጥኔ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት አስመጣችኝ። ልታስር ስትል ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የከብት ነኝ» አለች።

ጋሼ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። «ታዲያ ምን ልዩነት አለው፣ ልጄ» አሉ፤ «እሰሪው።»

አሰረችው። ከዚያ ወደ ክትባቱ ሳጥን ሄዳ ከፈተችው። ጥቂት ብልቃጥ ተሰብሯል፤ አብዛኛው ደህና ነው፤ በረዶውም ገና አለ። በዚህ መሃል ከበቆጂ የሚመጣ እህል የጫነ መኪና ቆመልን። ጋሼን ወደ አሰላ ሆስፒታል ሊወስድ ተስማማ። ልጅቷ እንድትገባ በሩን ከፈትኩላት።

«እኔ አልመለስም» አለች።

«ግንባርሽ እየደማ ነው እኮ።»

«በረዶው እኔን አይጠብቅም። ከብቶቹን ዛሬ ጠዋት ሰብስበው እየጠበቁኝ ነው።»

ከገበሬዎቹ አንዱ ፈረሱን አቀረበላት። ሳጥኑን ከፊቷ በገመድ አስሮላት እሱ እየመራ ሄዱ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትከትብ ቆይታ በሦስተኛው ቀን በእህል መኪና ተመለሰች። ከዚያ መንደር ብዙ ከብት ተርፏል ብለው ገበሬዎቹ በኋላ መጥተው ነገሩን።

እኔ ከጋሼ ጋር ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ገልጠው «ሰው ነካሁ?» አሉኝ። «አልነኩም» አልኳቸው። «እንኳን» ብለው መልሰው ጨፈኑ።

ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። ሦስት ጣት ተቆረጠ፤ የእጁ አንጓም ደርቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም።

በማግሥቱ መሣሪያዬን ይዤ ወደ ቦታው ሄድኩ። የፈነዳውን ጎማ ፈታሁ። በጭነት መኪና አሰላ አድርሼ ከመናኸሪያው በጋሪ ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። ያ ከአራቱ የተሻለ ነው ብዬ በእጄ ወደ ፊት ያዞርኩት ጎማ ነው። በቢላ ስከፍተው ውስጡ ያለው ክር ጠቁሯል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ አበስብሶታል። በጣቴ ስስበው እንደ አሮጌ ገመድ ይበጠስ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ከሌሎቹ ያነሰ ስንጥቅ ነበረው። መሬት ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። መሳሳቴ ብቻ አይደለም ያስቀመጠኝ። ከአራቱ የበሰበሰ ጎማ መካከል የተሻለውን ልምረጥ ብዬ መነሳቴ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የአስተዳደር ሹሙ ጋራዥ መጣ። በሩን ገርበብ አድርጎ አጠገቤ ቆመ።

«አጣሪ ተሰይሟል» አለኝ። «አንተ እዚያው ስለነበርክ ትጠየቃለህ። ሰውየው ትንሽ ፈጠን ብሎ ነበር፣ አይደል?»

«አልፈጠኑም።»

«ቁልቁለት ነው እኮ። ሳይታወቀው ሊሆን ይችላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስበው። ጥፋቱ የጎማው ከሆነ የኮሚቴው ነው። የኮሚቴው ከሆነ ያንተም ነው። እሱ እንደሆነ ሽማግሌ ነው፤ ከእንግዲህ አይነዳም። ምን ይጎዳዋል?»

ምን ይጎዳቸዋል? የሕዝብ ንብረት በቸልተኝነት አጠፋ ከተባሉ ጡረታቸው ይቀራል፤ ምናልባትም ይታሰራሉ። ይህን እሱም ያውቃል። አሻጥር የሚል ቃል ከተጨመረበት ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሹሙ ሲወጣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምንም ውሳኔ እንደወሰንኩ አላስታውስም። ሰልችቶኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለ ድካም ነው፤ አሁን ግን የደከመኝ ዝም ማለቱ ነበር።

የማጣሪያው ቀን ጎማውን በትከሻዬ ተሸክሜ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። አቧራው ቃለ ጉባኤው ላይ ተበተነ። ሊቀ መንበሩ ያው ጓድ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የፈነዳው ጎማ ነው። ጥርሱን ይመልከቱት፣ ሙሉ ነው። አሁን ደግሞ እጅዎን እዚህ ያስገቡ።»

አላስገባም። የአስተዳደር ሹሙ «ይህን ያልከው አሁን ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ብቁ ነው ብለህ ፈርመሃል» አለ።

«ፈርሜያለሁ። ብቁ አልነበረም፤ አለመሆኑንም አውቅ ነበር። ሾፌሩ ጠዋት መጥተው ልሂድ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አይሂዱ አላልኳቸውም። ይኼም ይጻፍልኝ።»

ቀጥሎ ልጅቷ ገባች። ግንባሯ ላይ ገና ፕላስተር አለ። ሾፌሩ በምን ፍጥነት ይነዱ እንደነበር ተጠየቀች።

«እንዲያውም ቀስ ስላሉ ተናድጄባቸው ነበር» አለች። «የሄድኩበት ፈረስ ከዚያ ፈጥኖ ነው ያደረሰኝ።»

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ሁለት ጣቱን ጎማው ውስጥ አስገብቶ ክሩን ሳበ። ተበጠሰለት። የተበጠሰውን ክር መዳፉ ላይ አድርጎ አየው። «በቃ፣ ውጡ» አለን።

ጋሼ ጥፋተኛ አልተባሉም። ጡረታቸው እስኪደርስ በዚያው ግቢ የበር ጥበቃ ሆኑ። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ ከጋራዥም ተነስቼ ራቅ ወዳለ አውራጃ፣ ወደ አንድ የዘር መጋዘን ተዛወርኩ። ሁለት ዓመት ያህል ጆንያ ስደረድር ኖርኩ። ስመለስ ሊቀ መንበሩ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል። በጋራዡ ፋይል ውስጥ ግን ያን ቅጽ አገኘሁት። ከጥርስ ጥልቀት በታች በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፤ «የጎን ስንጥቅ፤ በባለሙያ በእጅ ተነክቶ ይረጋገጥ።» የእሱ ጽሕፈት ነው። ለእኔ ምንም ብሎኝ አያውቅም።

ልጅቷን ወደ ሌላ ቦታ ቀየሯት። ስንብት እንኳ አልተደረገላትም፤ ያን ጊዜ ሰው እንዲሁ ይመጣ፣ እንዲሁ ይሄድ ነበር።

ከጋሼ ጋር ግን ለዓመታት አብረን ቆየን። ጠዋት ስገባ ከጥበቃዋ ቤት በር ላይ ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ይቀመጣሉ። እንደ ድሮው «እንዴት አደርክ ልጄ» ይሉኛል። እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኝ ነበር። ስለ አደጋው አንስተን አናውቅም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደው የጎረቤታቸው ልጅ እናወራለን። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አይሂዱ ማለት ነበረብኝ።»

አንድ ጋሪ ከፊታችን አለፈ።

«ብትለኝም እሄድ ነበር» አሉ።

«ለምን?»

«ከብቶቹ እየሞቱ አይደል? ማን ሊሄድ ኖሯል?» ካሉ በኋላ ደግሞ ጨመሩ፤ «ግን ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

የምሳ ሰዓት አልቆ ደወል ተደወለ፤ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ጡረታ ሲወጡ አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ዕቃቸውን አውቶቡሱ ጣራ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ ብዙ አልነበረም፤ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን። ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ልጃቸው፣ እንደ አባቷ ረጅም የሆነች ሴት፣ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ።

«ይግቡ» አለችኝ። «ማን ልበል? ከየት ነው የመጡት?»

«ከአሰላ ነው» አልኳት። «ከአባትሽ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን።»

ወንበር ሰጠችኝ፤ ያን ቀን ለአባቷ ያላልኩትን ልነግራት ተቀመጥኩ።